ፊርማው ከላይ ይሁን ከታች?

አዲስ ተመራማሪ ሥራ ሲጀምር የሥነ ምግባር ቅጽ ይፈርማል። የት ላይ ቢፈርም ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ ጥናት «ከላይ!» አለ፤ አስቀድሞ የፈረመ ሰው ብዙም አይዋሽም ብሎ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ባለመኪኖች ለኢንሹራንስ ያስመዘገቡት ማይል ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የማይሎቹ ሰንጠረዥ ሲፈተሽ የአንዱ ዓምድ ቁጥር ግማሹ በካሊብሪ፣ ግማሹ በካምብሪያ ፎንት ተጽፎ ተገኘ። አነዳዱም ጉድ ነው፦ ጥቂት የነዳውም ብዙ የነዳውም ሰው ብዛት እኩል ገደማ፤ 50,000 ማይል ላይ ሲደርስ ግን አገሩ ሁሉ መኪናውን አቁሟል። ስለ ሐቀኝነት የተጻፈው ጥናት በፈጠራ መረጃ ምክንያት ተሰረዘ።

እንግዲህ ጀማሪው ሆይ፣ ከላይም ከታችም ፈርም፤ ጥሬ መረጃህን ግን ለሌላ ዓይን አሳይ። ፊርማ ማይል አይቆጥርም። የለም፣ እዋሻለሁ ካልክ ደግሞ እባክህ ፎንቱን እንኳ አንድ አድርገው።