ጤና አዳምና የበረዶ ጨው

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገሬ ሰው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ግን ጨው ጣፈጠም አልጣፈጠም ከመጣል አይድንም። ትንበያው ነገ በረዶ አለ ካለ፣ ሜሪላንድ በሙሉ ለዳቦ፣ ለወተትና ለበረዶ ማቅለጫ ይጋፋል።

እኔም ከባለቤቴ እናት ጋር ሄድኩ። እማማ ከደረጃው ሥር ጤና አዳም ተክለዋል፤ ያለ እሷ ቡና አይጥማቸውም። «መንገዱን እንደፈለግህ አድርገው ልጄ፣ እሷን ግን አደራ» ብለውኛል።

መደርደሪያው ላይ አንዱ ከረጢት ውሻ፣ ሌላው አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል። እማማ ቅጠሉን መረጡ። ገልብጬ ጀርባውን ሳነብ በደቃቅ ፊደል «ሶዲየም ክሎራይድ» ይላል። ያው የወጡ ጨው ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ነክተውታል እንጂ። ሦስተኛው «ከጨው ነጻ» ይላል፤ ጀርባው ላይ ዩሪያ።

«የኛው ዩሪያ? ማዳበሪያው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጎጃም ገበሬው ወረፋ ጠብቆ የሚያገኘውን እነዚህ ደረጃ ላይ ይደፉታል?» ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰው ዞሮ አየን። እውነታቸውን ነው። ዩሪያ ሲበዛ ሥር ያቃጥላል፤ የተረፈውም ታጥቦ ስላይጎ ክሪክ ይገባል፣ ከዚያ አናኮስቲያን፣ ፖቶማክን አልፎ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ይደርሳል። ናይትሮጅኑ እዚያ አልጌ ያፈላል፤ አልጌው ሲበሰብስ ውኃው ኦክስጅን ያጣል።

የጨው ተንኮሉ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። ሶዲየሙ የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዥየም ገፍቶ ቦታቸውን ይይዛል፤ ሸክላ አፈር ሲሆን ይጠቀጠቅና ውኃም አየርም አያስገባም። ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ይጠማል። ክሎራይዱ ወደ ቅጠል ወጥቶ ጠርዙን ያሳርራል። ይህ ሁሉ የሚታየው በጸደይ ስለሆነ የክረምቱን ጨው የሚጠረጥር የለም።

ካልሲየም ክሎራይድ ከዜሮ በታች እስከ 29 ዲግሪ ገደማ ይሠራል፤ ሚኒሶታ ብኖር አልከራከርም ነበር። እሱም ቢሆን ክሎራይድ ነው። እኛ ጋ ብርዱ ብዙውን ጊዜ ዜሮ አካባቢ ስለሚያንዣብብ፣ ከዜሮ በታች እስከ 7 ዲግሪ ገደማ የሚሠራው ካልሲየም ማግኒዥየም አሲቴት ይበቃል። ለአትክልት የሚሻለው እሱ ነው። ዋጋውን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ሌሊቱን ጣለ። በማለዳ በአካፋ ጠረግሁ፤ ዋናው መድኃኒት አካፋው ነው፣ ማቅለጫው ለተጣበቀው ብቻ። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለ6 ሜትር የመኪና መግቢያ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ ጨው ይበቃል ይላል። ለእማማ ይህን ስነግራቸው ሲኒ ይዘው ወጡ። ኩባያ ነው ብል አልሰሙም፤ በጣታቸው ቆንጠር እያደረጉ፣ ወጥ እንደሚያጣፍጥ ሰው፣ ደረጃ በደረጃ ነሰነሱ። ሠራም።

ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ የመንደሩ ማኅበር የቀጠረው መኪና መጣ። ከኋላው የሚሽከረከር ነገር አለው። ሳይቆም የጠረግሁትን መንገድ፣ ደረጃውንና ጤና አዳሟን አንድ ላይ በፍርክስካሽ ጨው መታቸው። እማማ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ወጥተው «አንተ! አንተ!» እያሉ ተከተሉት፤ ሹፌሩ ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘላቸው።

የቻልነውን በመጥረጊያ ሰበሰብን። መንገዱ ሲደርቅ የተረፈው ጨው ይታፈሳል፣ ለሚቀጥለው በረዶም ይሆናል፤ አንድ ባልዲ ሞላን።

መጋቢት ላይ በመንገዱ በኩል ያለው የጤና አዳሟ ጎን ቡናማ ሆነ፣ በግድግዳው በኩል ያለው አቆጠቆጠ። ጨውን ከሥር በታች የሚያወርደው ብዙ ውኃ ነውና በጀሪካን እያመላለስኩ አጠጣሁ። ሶዲየሙን በካልሲየም የሚተካ ጂፕሰምም ገዝቼ መጣሁ።

«ምንድን ነው ነጩ ደግሞ?» አሉ እማማ።

«ጀሶ ነው፣ ለአፈሩ።»

«ጨው አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ልትለስናት ነው?»