የጠፉት 12 ሻማዎች

የዕውቀት ሰው አለመሆኔን ባለቤቴ ዘወትር ስትመሰክርብኝ ብትኖርም፣ የኒውዮርክን የአክሲዮን ገበያ የዋጋ ውጣ ውረድ በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም በገዛ እጄ ከጻፍሁ ወዲህ፣ ይግባኝ የምልበት ሰነድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የምነግድበት የልምምድ ገንዘብ ስለ ሆነ ትርፉም ኪሳራውም ከስክሪኑ አይወጣም፤ ኀዘኑ ግን የእውነት ነው።

ሥዕሉ በየ5 ደቂቃው አንድ ሻማ ይተክላል። ሻማ ማለቴ ለታቦት የሚበራው አይደለም፤ ሙኔሂሳ ሆማ የተባለ የ18ኛው ምዕተ ዓመት ጃፓናዊ የሩዝ ነጋዴ እንደ ጀመረው የሚተረክለት፣ ዋጋው ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ በአካሉ፣ እስከ የት ወጥቶ እስከ የት እንደ ወረደ በክሩ የሚያመለክት ምልክት ነው። ገበያው ተከፍቶ የሚውለው 6 ሰዓት ተኩል ስለ ሆነ፣ በቀን 78 ሻማ መቆም አለበት።

በዐቢይ ጾም አንድ ሰኞ ሌሊት ግን፣ የሽሮ እራቴን ጨርሼ ሻማዎቹን በጣቴ እየነካሁ ብቈጥር 66 ሆኑ። እንደ ገና ብቈጥር ስክሪኑ በሽሮ ተዥጐረጐረ እንጂ 12ቱ አልተገኙም።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ቋንቋውን ነው። ጃቫስክሪፕት ወሮችን ከዜሮ ስለሚጀምር ጃንዋሪን ዜሮ፣ ዲሴምበርን 11 ይላል፤ ጳጉሜን እንኳ ሳያስቀር 13 ወር ቈጥሮ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ወሮቹ ንጹሐን ሆነው ተገኙ። ማክሰኞ ሌሊት ዑደቱን መረመርሁ፤ ዑደት ማለቴም ፕሮግራሙ አንዱን ትእዛዝ እየደጋገመ የሚዞርበትን ነው፣ ምንም እንኳ እኔ ራሴ ወንበሬን ሦስት ጊዜ ዞሬ፣ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና እግዚኦታውን ብትቀጥልም። ረቡዕ ደግሞ ነገሩን ከሥነ ፍጥረት ጀመርሁት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ሲቈጥሩ፣ ጃቫስክሪፕት ግን ዓለም የተፈጠረችው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ይመስለውና ጊዜን ሁሉ ከዚያች ዕለት ጀምሮ፣ ሰከንድን ሺህ ቦታ እየከፈለ ይደምራል። ድምሩም ልክ ነበር። ገበያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሥዕሉ ባዶ እየሆነ ማምሸቱንም አይቻለሁ፤ ዳሩ ግን በኔትወርክ ማመካኘት ልማድ ሆኖብን ኖሮ አለፍሁት።

ሐሙስ ምሽት፣ ዋሽንግተን የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ዘወትር በ3 ሰዓት የምትደውለው በ2 ሰዓት ደወለች።

«እትዬ፣ ዛሬስ ሰዓት አልተዛነፈብዎትም?» አልኋት።

«የተዛነፈው ያንተ ነው! እሑድ እኮ እዚህ ሰዓት ተቀየረ። በየዓመቱ እነግርሃለሁ፣ በየዓመቱ ትረሳለህ።»

ጤናዋን ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካኖቹ በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ ማለትም በእኛ ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ፣ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ይገፋሉ፤ የእኛዋ ፀሐይ ግን አዋጅ ሳትጠብቅ በ12 ሰዓት ወጥታ በ12 ሰዓት ገደማ ትገባለች። በ11 ሰዓት ተኩል ይከፈት የነበረው ገበያ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ በ10 ሰዓት ተኩል ሲከፈት፣ «የኒውዮርክን ለማግኘት ከአዲስ አበባው 8 ቀንስ» ብዬ የጻፍሁለት ምስኪን ፕሮግራሜ ደጁ ተከፍቶ ሳለ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ኖሯል። ባዶ የመሰለኝ ሰዓትም ገበያው ከተበተነ በኋላ የነበረው ነው።

8ቱን ሰርዤ 7 ጻፍሁ። ሻማዎቹ 78 ሆኑ፤ ባለቤቴንም ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አስቈጠርኋት።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ሐሙስ 2 ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አልጮኸም። 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። እኅቴ ታማ ይሆን ብዬ ሳዝን ቈየሁና፣ ድንገት ተነሥቼ የረቡዕን ሥዕል ከፍቼ በጣቴ መቍጠር ጀመርሁ። 64፣ 65፣ 66።