ቀብሩ ያማረለት ንግድ

ንግድ እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች ስለ ማምረት፣ ስለ መሸጥና ስለ ማስታወቂያ ሲናገሩ ይውላሉ፤ ስለ መቅበር ግን ትንፍሽ አይሉም። ትልቅ በደል ነው። ማምረትማ ማንም ያመርታል። ያልተሸጠ ዕቃን በተሳቢ አስጭኖ፣ በዶዘር አስጨፍልቆ፣ አፈር አልብሶ፣ በማግስቱ ከረባት አስሮ ስብሰባ መግባት ግን ለተመረጡት ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። የዚህ ሙያ ፈር ቀዳጆች፣ የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ኩባንያ የአታሪ አለቆች፣ እስካሁን ሐውልት ሳይቆምላቸው መቅረቱ ያሳፍራል። ሌላው ዝም ካለ ውለታቸውን እኔ ልናገር። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።)

አታሪን ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ በ1976 በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የአታሪ ማጫወቻ ያልገባበት የአሜሪካ ሰፈር ጠፋ። እንዲህ ያለ ዘመን ሲመጣ ተራ ነጋዴ ነገ ምን ይመጣል ብሎ ይሰጋል። ታላላቆቹ አልሰጉም። በ1982 ፓክ ማን የተባለውን ተወዳጅ ጨዋታ ለቤት ማጫወቻው ሲያወጡ 12 ሚሊዮን ያህል ካርትሪጅ፣ ማለትም ማጫወቻው ላይ የሚሰካ የጨዋታ ካሴት፣ አመረቱ። ማጫወቻው ያለው ቤት በጊዜው ወደ 10 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። አሥር በቅሎ ባለበት መንደር አሥራ ሁለት ኮርቻ የሚሰፋ ሰው ጠበል ይወሰዳል፤ አታሪ ቤት ግን ባለ ራእይ ይባላል። ስሌቱ፣ ማጫወቻ የሌለው ሰው ለፓክ ማን ሲል ማጫወቻውንም ይገዛል የሚል ነበር። ላም አለኝ በሰማይ! ወደ 7 ሚሊዮን ያህሉ ተሸጠ። ሌላ ኩባንያ በዚህ ሽያጭ ጮቤ ይረግጥ ነበር፤ አታሪ ግን በዚያ ሁሉ ሽያጭ መሃል መጋዘን መሙላት ቻለ። ይህም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

ከዚህ የተማሩት ነገር ቢኖር አለመማርን ነው። በዚያው ዓመት የስቲቨን ስፒልበርግ “ኢ.ቲ.” ፊልም ወጣና ልጅ አዋቂውን አስለቀሰ። የዋርነር አለቃ ስቲቭ ሮስ የፊልሙን ስም ለቪዲዮ ጌም ለመጠቀም ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል የተባለ ውል ተዋዋለ። ድርድሩ ሲያልቅ ጁላይ እየተገባደደ ነበር። ለገና ገበያ ለመድረስ ደግሞ ጨዋታው በሴፕቴምበር መባቻ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ለሠሪው የተረፈው አምስት ሳምንት ነበር። ሠሪው ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ይባላል፤ “ያርስ ሪቬንጅ” የተባለውን ዝነኛ ጨዋታውን ለመሥራት ወራት ፈጅቶበታል። ለስሙ ያን ያህል ሚሊዮን አፍስሶ ለሥራው አምስት ሳምንት የሚሰፍር ሰው ንፉግ እንዳይመስላችሁ። ቅደም ተከተል ያውቃል፤ የሚሸጠው ስሙ ነው፣ ጨዋታው የካርቶኑ መሙያ ነው።

ዋርሾ ሠርቶ አስረከበ። በጨዋታው ውስጥ ያ ምስኪን ፍጡር፣ ኢ.ቲ.፣ የስልክ ስብርባሪ ፍለጋ ሲንከራተት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ አንገቱን አስረዝሞ እንደ ምንም ይወጣል፤ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ መልሶ ይወድቃል። ልጆቹ ተማረሩ፣ ወላጆች ዕቃውን ወደ ሱቅ መለሱ። እኔ ግን ፍርዱ የተዛባ ይመስለኛል። ሰውዬው ሳያውቀው የአለቆቹን የሥራ ዕቅድ ነበር ቁልጭ አድርጎ የሣለው፤ እነሱም በታማኝነት ፈጸሙት። ወደ 4 ሚሊዮን ካርትሪጅ አመረቱ፤ አብዛኛው ወይ ሳይሸጥ ቀረ፣ ወይ ተመልሶ መጣ።

ዲሴምበር 7 ቀን 1982 ዋርነር አንድ ትንሽ መግለጫ አወጣ። የአታሪ ሽያጭ በ50 በመቶ ያድጋል ብለን ነበር፤ አሁን ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው የሚያድገው አለ። የአክሲዮኑ ዋጋ በቀናት ውስጥ ሲሶ ያህል ተናደ። መግለጫው ከመውጣቱ 23 ደቂቃ ቀደም ብሎ የአታሪው ሥራ አስኪያጅ ሬይ ካሳር 5,000 የዋርነር አክሲዮን ሸጦ ነበር። በኋላ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ሲከሰው ትርፉን መልሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን ሳይክድ ጉዳዩን ዘጋ። በአጋጣሚ ነው እንበል። ለ23 ደቂቃው ግን አድናቆት አለኝ፤ ለጨዋታ ሠሪው የጠፋችው ጊዜ አለቃው ዘንድ በደቂቃ ተቆጥራ ተገኘች።

አሁን ወደ ቀብሩ እንምጣ። በሴፕቴምበር 1983 ከቴክሳስዋ ኤል ፓሶ ተሳቢዎች ተነሡ፤ ከ10 እስከ 20 ይሆናሉ ብለው ጋዜጦች ጻፉ። መድረሻቸው ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ያለችው የአላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ምርጫው እንደ ዋዛ አልነበረም። እዚያ ቆሻሻ መለቃቀም ክልክል ነበር፤ የመጣው ሁሉ ማታ ማታ እየተጨፈለቀ ይቀበር ነበር። ኩባንያው የሚጣለው ባመዛኙ የማይሠራ ዕቃ ነው አለ። የሰፈሩ ልጆች ግን ይህን መግለጫ አላነበቡም መሰለኝ፣ የማይሠራውን ዕቃ ለመዝረፍ ተንጋግተው መጡ። አጉል ልጆች! ለጨዋታ የተሠራ ነገር ለጨዋታ ሊያውሉት። አታሪም ሥርዓት ለማስያዝ በመቃብሩ ላይ ኮንክሪት አፈሰሰበት። እኛ አገር በላዩ ሲሚንቶ የሚፈስለት ሟች ልጆቹ ደህና ቦታ የደረሱለት ነው፤ ፓክ ማን ያለ ዘመድ ይህን ክብር አገኘ። ምናለሽ ተራ ወሬውን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ለቅሶ ትቀመጥ ነበር፤ የቆራሌው ልጅ ደግሞ ኮንክሪቱን ራሱን በኪሎ ይጠይቅ ነበር።

ከተማዋ ግን አልተደሰተችም። የኤል ፓሶን ቆሻሻ ምን በወጣን እንሸከማለን ብላ ሌላ ጭነት እንዳይመጣ ደንብ አወጣች። ከዚያ ብዙም በማይርቅ በረሃ በ1945 የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ እንደ ተሞከረ ላስታውስ፤ ቦምቡን የቻለ ሕዝብ ካርትሪጅ ሲመጣበት በቃኝ አለ።

አታሪ በ1983 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ኪሳራውም አባት ያስፈልገዋልና ተፈለገ፣ ተገኘም፤ ያ የአምስት ሳምንቱ ሰው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። “አንድ መጥፎ ጨዋታ አንድ ግዙፍ ኩባንያ ገደለ፤ ሚሊዮኖቹም በረሃ ተቀበሩ” የሚለው አፈ ታሪክ ለ30 ዓመት ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ደግሞ የሚገርመው፣ ነገሩን ኒው ዮርክ ታይምስ በወቅቱ ዘግቦት ሳለ ሰው ሁሉ እውነት ነው፣ ውሸት ነው እያለ ሲከራከር መኖሩ ነው። አፈ ታሪኩ እንዴት ያለ ባለውለታ መሰላችሁ! ከበቅሎው በላይ ኮርቻ ያሰፋውን፣ ባለ ብዙ ሚሊዮኑን ውል የፈረመውን፣ ሱቆቹን በማይፈለግ ዕቃ ያጨናነቀውን ሁሉ ከነፊርማው ሸፍኖ፣ አንዲት አንገተ ረጅም ፍጡር ብቻ ላይ ጣት አስቀሰረ።

ኤፕሪል 26 ቀን 2014 ለዘጋቢ ፊልም ተብሎ መቃብሩ ተከፈተ። ማይክሮሶፍት ገንዘቡን አቀረበ፣ አርኪዮሎጂስቶች ተጠሩ፣ በአሸዋ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሕዝብ ተሰልፎ ቆመ። ቦታውን የጠቆመው በዘመኑ በቆሻሻ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ከአታሪ ሹማምንት ሁሉ ይልቅ የት ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ሆነ። 1,300 ያህል ካርትሪጅ ወጣ። ኢ.ቲ. ብቻውን አልነበረም፤ ሴንቲፒድ፣ ሚሳይል ኮማንድ፣ አስትሮይድስ፣ ፓክ ማን፣ የዋርሾ “ያርስ ሪቬንጅ” ሳይቀር አብረው ተኝተዋል። የቀድሞው የአታሪ ሠራተኛና የቀብሩ ኃላፊ የነበረው ሰው ወደ 728,000 የሚደርስ ካርትሪጅ መቅበሩን ተናገረ። እንግዲህ መናኛውም ምርጡም አንድ ጉድጓድ ገብቷል ማለት ነው። በአንድ ጨዋታ ብቻ የተሳበበው ወንጀል የመጋዘኑ ሁሉ ሆኖ ተገኘ፤ ግን ይህን ማን ያወራል? ዋርሾም በስፍራው ነበር። ቪዲዮ ጌሙን ትቶ የሥነ ልቦና ሐኪም ሆኗል፤ ከእነዚያ አለቆች ጋር የሠራ ሰው ሌላ ምን ሙያ ይመርጣል?

የአላሞጎርዶ ከተማ ደግሞ 881 ካርትሪጅ በጨረታ ሸጣ ከ100,000 ዶላር በላይ ሰበሰበች። አንዱ ኢ.ቲ. 1,535 ዶላር አወጣ። አንዱም ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባ። አዲሱን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ በነጻ ቢሰጡት የማይወስደው ሕዝብ ተጨፍልቆ፣ ሸትቶ፣ ሠላሳ ዓመት አፈር ሲበላው ኖሮ ሲወጣ ተሻማበት። የአታሪ የገበያ ክፍል ዕድሜ ልኩን ያላገኛትን ዘዴ ዶዘሩ አገኛት።

ሙያው በአታሪ አልተቋረጠም። አፕል በ1989 ወደ 2,700 የሚሆኑ ያልተሸጡ ሊዛ ኮምፒውተሮችን ዩታ ውስጥ ሎጋን ከተማ መጣያ ዘበኛ አቁሞ ቀበረ፤ ከግብር ስለሚቀነስለት ሐዘኑ ቀለል አለለት። ቀብር ድካም አለው ያሉት ደግሞ ወደ እሳት ዞሩ። የእንግሊዙ ቡርበሪ በአንድ የሒሳብ ዓመት ብቻ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ልብስና ሽቶ ማጥፋቱ በ2018 ታወቀና ጩኸቱ ሲበዛ አቆምኩ አለ። ምክንያቱ እኮ ክብር ነበር፤ ካፖርቱ ረክሶ ተራ ሰው ከሚለብሰው ቢቃጠል ይሻለዋል።

ይህን የመሰለ ጥበብ ግን ጠላት አላጣም። ፈረንሳይ ከ2022 ጀምሮ ያልተሸጠ ልብስ፣ ጫማ፣ ኤሌክትሮኒክስ እንዳታጠፉ፤ ስጡ ወይም መልሳችሁ ተጠቀሙበት የሚል ሕግ በሥራ ላይ አዋለች። የአውሮፓ ኅብረትም በልብስና በጫማ ላይ ተከተላት። መቅበር ክልክል፣ ማቃጠል ክልክል፤ እነዚያ ምስኪን ሥራ አስኪያጆች ከእንግዲህ በምን ጎናቸው ይተኙ? ይሄ ሕግ በዚሁ ከቀጠለ እኮ አንድ ቀን ጨካኝ ሰው ተነሥቶ፣ ከማምረታችሁ በፊት ስንት ሰው ዕቃችሁን እንደሚገዛ ቁጠሩ ሊላቸው ነው።