ድራማው መቼ ነው የሚያልቀው?

የቴሌቪዥን ድራማ የትም አገር ቢሠራ ዘመዶቹ ይታወቃሉ። ባለጸጋ አባት አለ፣ ውርስ ላይ ዓይኑን የጣለ ወንድም አለ፣ ሳይታወቅ ያደገ ልጅም አይጠፋም። አገር ከአገር የሚጣላው ድራማው መቼ ይለቅ በሚለው ላይ ነው።

እንግሊዞች ቶሎ ይጨርሳሉ። «ፎልቲ ታወርስ» የተባለውን የሆቴል ኮሜዲ ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ ለሁለት ጽፈውት፣ በ1975 እና በ1979 በድምሩ 12 ክፍል ታይቶ አበቃ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የቢሮ ኮሜዲው «ዘ ኦፊስ»ም ከልዩ ዝግጅቶቹ ጋር 14 ክፍል ነው። አሜሪካኖች ያንኑ ቢሮና ያንኑ አፉን የማይገድብ አለቃ ወስደው 201 ክፍል አወጡበት! በእነሱ ዘንድ 100 ክፍል አካባቢ የደረሰ ኮሜዲ ለሌሎች ጣቢያዎች በየቀኑ እንዲደገም ይሸጣል፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ደራሲዎች በቡድን ይቀጠራሉ፣ ቀልድም እንደ ጡብ ይመረታል።

እንግሊዞች ቶሎ ይጨርሳሉ የተባለው ግን በኮሜዲ ብቻ ነው። «ኮሮኔሽን ስትሪት» የተባለው ድራማቸው በ1960 ተጀምሮ ዛሬም አላለቀም።

የአሜሪካው «ጋይዲንግ ላይት» ደግሞ በ1937 በሬዲዮ ተጀምሮ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ፣ በ2009 ተዘጋ። አያት የጀመረችውን የልጅ ልጅ ጨረሰችው ማለት ነው። እንዲህ ከረዘመ ሞትም ቢሆን ቁርጥ ያለ ነገር አይሆንም። «ዳላስ» በተባለው ድራማ ላይ ቦቢ ዩዊንግ በ1985 በመኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ተመልካችም አለቀሰ። ተዋናዩ በ1986 ልመለስ ሲል፣ የቀድሞ ባለቤቱ ጧት ስትነቃ ቦቢ ገላውን ሲታጠብ አገኘችው። ያ ሁሉ ዓመት ህልሟ ነበር! ተመልካቹ ያፈሰሰውን እንባ ማን ይመልስለት?

በላቲን አሜሪካ ድራማን እንዲህ መጎተት ነውር ነው። እዚያ ቴሌኖቬላ ወራት ፈጅቶ ሠርግ ላይ ይደርሳል፣ ክፉውም ዋጋውን ያገኛል፣ ከዚያ በቃ። ኮሎምቢያዊው ፈርናንዶ ጋይታን በ1999 ያቀረባት ባለመነጽሯ ቤቲ እንዲህ ሆና ነው ዓለምን የዞረችው። ጀርመኖች በርሊን ላይ የራሳቸውን ቤቲ ሠርተው፣ ድረው ኩለው ሸኟት። ተመልካቹ ግን ገና ብዙ ነበርና ጣቢያው የሙሽራይቱን ወንድም አምጥቶ ቀጠለ።

ዐረቦች ከሁሉ የተሻለ ዳኛ አላቸው፤ ጨረቃን። የረመዳን ድራማ በየምሽቱ አንድ፣ በጠቅላላው 30 ክፍል ገደማ ሆኖ ይሰናዳል። ዒድ ሲደርስ ፍቅረኞቹም መታረቅ አለባቸው።

ቱርኮች በበኩላቸው የክፍሉን ቁጥር ሳይሆን ክፍሉን ራሱን ነው የሚያስረዝሙት። በሳምንት አንድ ምሽት የሚታየው አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት አልፎ ይሄዳል፤ ማስታወቂያ የሚገባው በፕሮግራሙ ርዝመት ልክ ስለሆነ ረጅም ክፍል ብዙ ማስታወቂያ ይሸከማል። በ2010 የድራማ ሠራተኞቹ ራሳቸው «በዛ!» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። ክፍሉ እንዲህ ስለሚረዝም ነው ተዋናዮቹ መስኮት ላይ ቆመው ባሕሩን ሲያዩ ሙዚቃው ሦስቴ የሚዞረው።

ይህ ሸቀጥ ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን 45 ደቂቃ አካባቢ እየሆነ ይቆራረጣል። በአገሩ ብዙም ያልተወራለት «ጉሙሽ» በሶርያ ዐረብኛ ተተርጉሞ በ2008 በኤምቢሲ ሲታይ፣ ጣቢያው እንዳለው የመጨረሻውን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። አዲስ አበባም በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት የኢስታንቡል ቤተሰቦች በአማርኛ ይጣሉ ጀመር። መቀስ የገባበት ድራማ ታዲያ የሚቆመው ደራሲው ባሰበበት ሳይሆን ሰዓቱ በደረሰበት ነው፤ በር ተንኳኩቶ ሳይከፈት፣ እናትየው «አባትህ ማለት...» ብላ ሳትጨርስ። ቤተሰቡ እስከ ነገ ይከራከራል። መታገሥ ያቃታት ጎረቤት ግን ቱርክኛውን ከዩቲዩብ ላይ አይታ ጨርሳዋለች። ቋንቋውን አትሰማም፤ ማን ማንን እንዳገባ ግን አንድ በአንድ ትናገራለች።