ለ«ችግር የለውም» ባለሙያ የተሰጠ ምክር

ወንድሜ፣ ሱሉልታ አዲስ ቪላ ያሠራ ሰው ደውሎ «የሣር ማጠጫውን አውቶማቲክ አድርግልኝ» ሲልህ፣ ምኑንም ሳትጠይቅ «ችግር የለውም» በል። ቫልቩ ስንት እንደሆነ፣ ውሃው ከመስመር ይምጣ ከሮቶ መጠየቅ ሥራ የማያውቅ ሰው ምልክት ነው። ቤት ሽቦ ዘርግተሃል፣ ዲሽ ተክለሃል፣ የእንጀራ ምጣድ ጠግነሃል፤ ይሄ ምን ያቅትሃል? ፒንሳ፣ ካቻቢቴና አንድ ጥቅል ናስትሮ ይዘህ ሂድ። ቴስተር እቤት ይቅር።

ኮንትሮለሩን ከአሜሪካ ዘመድ ልኮት ከሆነ ጀርባውን እንዳታነብ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ተጽፎበታል። ሶኬቱ አልገባ ካለህ ማስማሚያ ገዝተህ 220ው ላይ ሰካው። ሲጨስ «ዕቃው ፎርጅድ ነው፣ መርካቶ ጥሩ አለ» በል፤ መግዣውን ተቀበልና መልሱን እርሳው።

ስምህ የሚነሳው ግን በሽቦው ነውና እዚህ ላይ ተጠንቅቀህ አበላሽ። ከኮንትሮለሩ ወደየቫልቩ አንድ አንድ ሽቦ ይሄዳል፤ ለሁሉም የጋራ የሚሆን አንድ ደግሞ ይጨመራል። የጋራው በቀለም ከተለየ ነገ የሚመጣው ሰው ሁሉንም በአምስት ደቂቃ ስለሚያውቀው፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ዘርጋ። ካለቀብህ ከስልክ ሽቦ ቀጥል። ቀጭን ሽቦ በረዘመ ቁጥር ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጥጉ ላይ ያለው ቫልቭ እየነዘረ ሳይከፈት ይቀራል። ያኔ «ቫልቩ ነው» ማለት ትችላለህ።

ስትቀጥል ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዝ፣ ናስትሮ ሁለት ዙር ጠቅልል፣ አፈር መልስበት። ጄል ያለበት፣ ውሃ የማያስገባ ማያያዣ የሚባለውን ነገር አልሰማህም። ቦታውንም ምልክት አታድርግበት። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ መስከረም ላይ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ያንን መጋጠሚያ ለማግኘት ግቢው ሙሉ ሲቆፈር አንተ የለህም።

ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር አይለፍ፤ የአትክልተኛው ዶማ የመጀመሪያው ቀን ላይ እንዲያገኘው። ቱቦ ውስጥ አታስገባው። ሰበታ መረሬ አፈር ላይ ከሆንክ ደግሞ ሽቦውን እንደ ክራር ክር ወጥረው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ትርፍ ያልተተወለትን ሽቦ ራሱ በጥሶ ያስረክብሃል።

ቫልቭ አልከፈት ሲልህ «ኃይል አንሶት ነው» በልና 220 በቀጥታ ስጠው። የቫልቩ ጥቅል የተሠራው ለ24 ቮልት ነው፤ በቴስተር ቢለካ ከ20 እስከ 60 ኦም ገደማ ሲያሳይ ደህና እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ግን ቴስተሩ እቤት ነው። ስማ፣ ያ ሽቦ እኮ ሣር ሥር ነው ያለው! እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ አለ። ናስትሮ ሁለት ዙር ተጠቅልሎ 220 የሚሰጠው ሽቦ ላይ የማን ልጅ ነው የሚረግጠው? አንተ ምን ሆነሃል?

ወደ ምክሬ ልመለስ። የፓምፑን ሽቦ ኮንትሮለሩ ላይ «ፓምፕ» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ እሰረው። ያ ቦታ የሚያወጣው 24 ቮልት ሪሌይ ለመቀስቀስ ብቻ ነው፤ ሞተሩን የሚነዳው ኃይል በሪሌይና በኮንታክተር በሌላ መስመር መምጣት አለበት። አንተ ግን ስሙን አይተህ እመን። ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ አታስገባ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ይደርቅና ፓምፑ በባዶው ሲሽከረከር ያድራል።

ቡራዩ ላይ፣ የአዲስ አበባን ውሃ የሚያጠራቅመው ገፈርሳ አጠገብ፣ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍ ጎረቤት እያለ ፓምፑን ከቆጣሪው በቀጥታ ግጠም፤ መስመሩን ምጠጠው። የማይመልስ ቫልቭም አታስገባ። ውሃ ሲጠፋ መስመሩ ወደ ኋላ ይስባል፤ ሣሩ ላይ የተረጨው ዩሪያና የአፈሩ ውሃ ወደ መጠጥ ቧንቧ ይገባል። የራስህ እናት ከዚያ ቧንቧ ሻይ ብታፈላ እንዲህ ታደርግ ነበር? አታደርግም። ታዲያ የሰው እናት ምን አደረገችህ?

ሰዓቱ ላይ ማንም አይወዳደርህም። ጋሼ «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያጠጣልኝ» ሲሉህ 12 ጻፍ። ኮንትሮለሩ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው፤ ያንተ ጠዋት 12 እሱ ዘንድ 6 ነው። ስለዚህ ወይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ግማሹን ውሃ ይጠጣዋል፣ ወይ እኩለ ሌሊት ላይ ዘበኛውን ያጥበዋል። ሱሉልታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስለሚወርድ ሌሊት የረጠበው ሣር ጠዋት ነጭ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ቀጥሎ የመነሻ ሰዓት ሙላ። አንዱ መነሻ ሰዓት ሁሉንም ቫልቮች በተራ እንደሚያስኬድ መመሪያው ይናገራል። አንተ ለአራቱ ቫልቭ አራት መነሻ ሰዓት ስጥ፤ እያንዳንዱ በቀን አራት ጊዜ ይከፈታል፣ አሥራ ስድስት ዙር ማለት ነው። ሣሩ ሲበሰብስ «ውሃ አንሶት ነው» ብለህ ደቂቃውን ጨምር። የ9 ቮልቷን ባትሪም አታስገባ፤ ብዙዎቹ የቆዩ ኮንትሮለሮች መብራት ሲሄድ የሞላህላቸውን ረስተው፣ ሲመጣ ከፋብሪካ በተሰጣቸው ፕሮግራም በየቀኑ ያጠጣሉ። መብራት ደግሞ እንደምታውቀው ነው።

የዝናብ ጠቋሚውን ጣሪያ ሥር ስቀለው፤ እዚያ አይረጥብም።

ለጋሼም አንድ ቃል አለኝ። ሦስት ሰው ዋጋ ሲሰጥዎ ትንሹን የጠራውን ይያዙ። ስለ ቫልቭ ብዛትና ስለ ውሃ ግፊት ጠይቆ ያስቸገርዎትን፣ በወረቀት ነድፎ የመጣውን ያሰናብቱ። እሱ አስወድዶ ነበር።

በመጨረሻ የትኛው ሽቦ ወደየትኛው ቫልቭ እንደሚሄድ ክዳኑ ላይ አትጻፍ። መመሪያውን ከካርቶኑ ጋር ጣለው። የመጀመሪያው ዙር ሲረጭ ቪዲዮ ቅረጽ፣ ቀሪ ሒሳብህን ተቀበል፣ ሲም ቀይር። መስከረም ላይ ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ ይመጣል፤ ሳጥኑን ከፍቶ ጥቁሩን ሽቦ ሁሉ ሲያይ ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ አንተም በየሄድክበት መጀመሪያ የምትለው እሱን ነው፦ «ይሄን የሠራው ማነው?»