የሙቀት ዐዋቂ ነኝ ባዩ

የአበርገሌዋ ኒሯቅ ልጅ ስለ ሙቀት ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። ከሰቆጣ ደጋ ወደ አበርገሌ ቆላ ሲወርዱ ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ፈተናውም እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ይሰጣል። እኔ ግን ዕድሜዬን ጨርሼ «በፌሮኤሌክትሪክ ስስ ልባጦች ውስጥ የሙቀት ፍሰት» የሚል ርእስ ተሸክሜ ተመለስኩ። ለምን እንደመረጥኩት ሲጠይቁኝ ስለ ሳይንስ ፍቅር አወራለሁ። ውሸት ነው። የመረጥኩት ጠያቂ እንዳይኖረኝ ነው። ሕክምና ብማር ሰፈሩ ሁሉ ቁርጥማቱን ይዞ ይመጣብኛል፤ ግብርና ብማር ፍየሏ ለምን ከሳች ይሉኛል። በዚህ ርእስ ግን የሚያፋጥጠኝ አይገኝም ብዬ አሰላሁ።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። ፌሮኤሌክትሪክ ቁስ ውስጥ አዎንታዊውና አሉታዊው ቻርጅ ማንም ሳያዘው ወዲህና ወዲያ ተራርቆ ይቀመጣል፤ ቮልቴጅ ሲሰጡት ደግሞ አሰላለፉን ይገለብጣል። ጆሴፍ ቫላሴክ የሚባል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1920 እ.ኤ.አ. ሮሼል በሚባል ጨው ላይ አሳየው። እኔ ያጠናሁት ሊድ ዚርኮኔት ታይታኔት የሚባለውን ነው፤ ልባጡም ከራስ ፀጉር ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ የሳሳ ነው። በልባጡ ውስጥ ቻርጁ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈበት ቀበሌ አለ፤ ጎረቤቱ በሌላ አቅጣጫ ይሰለፋል፤ በመካከላቸው ግድግዳ አለ። ሙቀትን የሚያጓጉዘው የአተሞቹ ንዝረት፣ ማለትም ፎኖን፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ይሰናከላል።

ይህን ለአክስቴ ላስረዳ ተነሣሁ። መንጋን ከማሳ ማሳ የሚያዘገየው ካብ ነው፤ ግድግዳዎቹም ለሙቀት እንደዚያው ናቸው አልኳት። ከእኔ አፍ ስለ መንጋ ሲወጣ መደንገጥ ነበረባት፤ ልጅ ሳለሁ ለጥበቃ ስላክ ዛፍ ሥር ተኝቼ ፍየሎቹ የሰው ማሽላ ግጠው ይጠብቁኝ ነበር። እሷ የአበርገሌ ፍየል ስታረባ የኖረች ሴት ናት። ስኒዋን አስቀምጣ «ካብ የሚያቆመው ግልገሉን ነው፤ ወጠጤው ይዘለዋል» አለችኝ። እንደ ተማረ ሰው በትዕግሥት ፈገግ አልኩላት። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልክ ነበረች። ሞገዳቸው አጭር የሆኑት ፎኖኖች ናቸው ግድግዳው ላይ የሚበተኑት፤ ረጃጅሞቹ ብዙም ሳይነኩ ያልፋሉ፤ እነሱን የሚያግዳቸው ይልቁንስ የልባጡ መሳሳት ነው። ይህን በጽሑፌ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሰጥቼዋለሁ። የአክስቴን ስም አላነሣሁም።

ልኬት ላይ የሠራሁት ይብሳል። እንዲህ ባለ ስስ ነገር ላይ ቴርሞሜትር አይለጠፍም። በላዩ አሉሚኒየም ይቀባና በሌዘር ብልጭታ ይሞቃል፤ ተከታዩ ብልጭታ ከአሉሚኒየሙ የሚመለሰው ብርሃን እንዴት እንደተለወጠ አይቶ ሙቀቱ ወደ ሥር በምን ፍጥነት እንደሰረገ ይናገራል። የዚህ ቁስ ሙቀት አስተላላፊነት ከ1 እስከ 2 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ ነው። የእኔ ቁጥር ከመቶ በላይ ሆኖ መጣ። ልብ ያለው ሰው መሣሪያውን ይጠራጠራል፤ እኔ ባልደረቦቼን ምሳ ጋበዝኩ። ሥጋው ሳያልቅ አንዲት ጀማሪ ተማሪ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ጋሼ፣ ይሄ ከልባጡ ሥር ያለው ሲሊከን አይደለም እንዴ?» አለች። የሲሊከን 150 ገደማ ነው። ሙቀቱ ልባጡን በስቶ አልፎ ሲሊከኑን ሲያሞቅ እኔ ሥሩን ለክቼ የላዩን ስም ሰጥቼዋለሁ። ሒሳቡን ግን ከፈልኩ።

የሚያስቀናው ነገር ይህ መስክ እውነተኛ ሠራተኞች ያሉት መሆኑ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ጆን ኢሌፌልድና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሆነው፣ በዚሁ ቁስ ልባጥ ላይ በቮልቴጅ ብቻ ግድግዳዎቹን እየቀያየሩ ሙቀት አስተላላፊነቱን 11 በመቶ ያህል መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ፤ ያውም በክፍል ሙቀት። ለሙቀት ማብሪያና ማጥፊያ መሥራት ማለት ነው፤ ትልቅ ነገር ነው። ያን ጽሑፍ ሳነብ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ማስታወሻዬን አገላብጬ «እኔም አስቤው ነበር» የሚያሰኝ መስመር ፈለግሁ። አላገኘሁም። ያገኘሁት የልብስ አጣቢ ሒሳብ ነው።

ለአክስቴ ግን የእነሱን ሥራ የራሴ አስመስዬ አወራሁላት። «ማጥፊያውን ስትጫነው ስንት ይቀንሳል?» አለችኝ። አሥራ አንድ አልኳት። «ከስንት?» ከመቶ። ጥቂት አሰበችና ለጎረቤቶቿ «የእኛ ልጅ ማቀዝቀዣ ይሠራል» ብላ አስወራች። አሁን ጓዳዬ ውስጥ የሰው ፍሪጆች ተደርድረዋል። አላውቅም ማለት ስላቃተኝ ማታ ማታ ለእውነተኛ ጠጋኝ ከኪሴ እየከፈልኩ አሠራቸዋለሁ፤ ባለቤቶቹ ሲመጡም ስለ ፎኖን ጥቂት ተናግሬ አስረክባለሁ።