ከሄድክ አይቀር

በእግሩ ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም ያሰበ ሰው ሐሳቡን በሆዱ ይያዝ። ለሚስቱ ይንገር፤ እሷ ሳይነገራትም ታውቃለች። ለአለቃው ይንገር፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዚያ ወዲያ ግን አፉን ይዝጋ። «በእግሬ ነው የምሄደው» ያለ ሰው መጀመሪያ ይመረቃል፤ «መንገዱን ያቅናልህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ፣ በሰላም ደርሰህ ለመመለስ ያብቃህ» ይባላል። ምርቃቱ ሲያልቅ ትንሽ ዝምታ አለች። እሷን ዝምታ ፍሯት። መራቂው ዐይኑን ወደ ቦርሳችሁ ጣል ያደርግና «እንግዲህ ከሄድክ አይቀር…» ይላል።

ከሄድክ አይቀር ይህችን ጧፍ። ከሄድክ አይቀር ይህችን መቶ ብር፣ በክርስትና ስሜ። ከሄድክ አይቀር እምነት፣ ብዙ አይደለም፣ ቆንጠር አድርገህ። ከሄድክ አይቀር ጠበል፤ ለእሱም ባዶ ሃይላንድ ከነክዳኑ። «ባዶ እኮ ነው፣ ምን ይከብዳል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ባዶ ሃይላንድ አይከብድም። ግን መልሼ የማመጣው ባዶውን አይደለም። ባዶነቱም ቢሆን ቦታ ይይዛል፤ ጨፍለቅ አድርጌ ልክተተው ስል ባለቤትየዋ «ኧረ እንዳይሰነጠቅብኝ!» ብላ ከእጄ ትነጥቀኛለች።

የሚገርመው ደግሞ አሸካሚዎቼና መካሪዎቼ እነዚያው ሰዎች መሆናቸው ነው። «የእግር መንገድ ትልቁ ምስጢር ምን መሰለህ? ቀለል ብሎ መሄድ!» ይሉኛል፤ ይህን ሲሉ እጃቸው ላይ ፌስታል አለ።

የእኔና የጓደኞቼ ዕቅድ ሲጀመር ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና፤ ከድሬዳዋ ቁልቢ በእግር፣ 70 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን፤ ታኅሣሥ 19 ለንግሡ መድረስ። በቃ። ካርታውን ዘርግተን ስናየው ግን በተራራው መንገድ የሚሄደው አውቶቡስ ጭሮን፣ ሂርናን፣ ጨለንቆን ካለፈ በኋላ ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የሚያገኘው ራሱን ቁልቢን ነው። ልንሳለም የምንሄድበትን ቦታ በአውቶቡስ መስኮት አማትበንበት እናልፋለን፤ 70 ኪሎ ሜትር አልፈነው እንወርዳለን፤ ከዚያ ዞር ብለን በእግራችን ወደ እሱ እንመለሳለን ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ ሳስረዳቸው በጥሞና አዳመጡኝና «ታዲያ እዚያው ወርዳችሁ 70 ኪሎ ሜትር እስኪሞላላችሁ ቤተ ክርስቲያኑን ብትዞሩትስ?» አሉኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።

ከመካከላችን አንዱ ይህ ነገር አሳፍሮት በባቡር እንሂድ አለ። ሐሳቡ ክብር አለው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ባይደርስ ከተማም ባልሆነች። ነገር ግን የዛሬው ባቡር የሚነሳው ከለገሃር አይደለም፤ ለቡ ድረስ መሄድ አለ። ድሬዳዋም ሲደርስ የሚያወርደን ከከተማው ወጣ አድርጎ ነው። ስለዚህ ወደ ባቡሩ ታክሲ፣ ከባቡሩ ባጃጅ፣ ስንመለስ አውቶቡስ። የእግር ጉዟችን ዕቅድ ላይ እስካሁን የሌለው መጓጓዣ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያነሳ ጓደኛ አለን።

ቦርሳው ደግሞ የራሱ ፈተና ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በታኅሣሥም ቀን ቀን ታቃጥላለች። ቁልቢ ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊቱ ጥርስ ያፋጫል። በመሃል የደንገጎ ዳገት አለ። ደንገጎን በመኪና የወጣ ሁሉ ጥምዝምዙን ያስታውሳል፤ በእግር የሚወጣው ሰው ግን ጥምዝምዙን ሳይሆን ቦርሳውን ነው የሚያስታውሰው። እና ምን ይያዝ? ለቆላው ካናቴራ፣ ለደጋው ጋቢ። ጋቢ ተከናንበውት ሲቀመጡ በረከት ነው፤ አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ሊከቱት ሲሞክሩ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ በአንድ በኩል ሲገፉት በሌላ በኩል ይወጣል። ኮሚቴያችን (ኮሚቴ የሌለው የሐበሻ ጉዞ የለም) በነፍስ ወከፍ ከ7 ኪሎ በላይ እንዳይያዝ ወስኗል። ጋቢው፣ ካናቴራው፣ በሶው፣ ባትሪው፣ ፓወር ባንኩ፣ ፕላስተሩ፣ ቫዝሊኑና ሌላው ኮተት ተደምረው ልክ ሰባት ላይ ቆሙልኝ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ጥላው መጣ።

ትልቋ አክስቴ ለገብርኤል ጥላ ተስለው ኖሯል። ጥላ ስል የዝናቡ አይምሰላችሁ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቅማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፣ ጫፉ ላይ መስቀል የቆመበት፣ እንጨቱ ከእኔ ቁመት ብዙም የማያንስ የቤተ ክርስቲያን ጥላ። ይህ ጥላ መሬት አይነካም። ቦርሳ አይገባም። ከዕቃ ጋር አይታሰርም። ባቡሩ ላይ ከላይ መደርደሪያው ላይ ይተኛ ወይስ ተሳፋሪ ሆኖ ይቁም የሚለውን ኮሚቴው ገና አልጨረሰም። አልቤርጎ አንድ አልጋ ብቻ ከተገኘ አልጋው የእሱ ነው፤ እኔ ወለሉ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ እጠብቀዋለሁ። ሽንት ቤት ስገባ ማን ይያዘው? ይህ ጥያቄ በስብሰባ ቀርቦ በተባባሪ ሰው እጥረት ሳይወሰን ታልፏል።

ከሁሉ የሚብሰው አይዘረጋም። አስቡት፤ በድሬዳዋ ፀሐይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ትልቅ ጥላ በትከሻዬ ተሸክሜ አናቴ ይቃጠላል። የሚያየኝ ሁሉ «ሰውዬው ለምን አይዘረጋውም?» ይላል። ጥላዬ አይደለማ! ከዚያ ደግሞ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ምእመናን ጥላውን አይተው ቄስ መስዬአቸው ጎንበስ ብለው መስቀል አሳልሙን ሊሉኝ ነው። እኔ በኪሴ ያለኝ ፓወር ባንክ ነው።

አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ልጠቅልለው ብል አክስቴ ተቆጡ። የገብርኤል ጥላ በፌስታል! በአቡጀዲ ልባስ ሰፉለት። ልባሱ ላይ አበባ ጠለፉበት። አሁን ልባሱ ራሱ አቧራ እንዳይነካው ሌላ ልባስ እየታሰበለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኛል፤ «እንዴት አደርክ» መባል ቀርቶ «ጥላው እንዴት አደረ?» ነው። ደህና አደረ እላለሁ። «ከምን ላይ አደረ?» ከቁም ሣጥኑ ላይ። «ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?» ልብስ። «የማን ልብስ?» እዚህ ላይ ስልኩ ተቋረጠ እላለሁ።

አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ «እትዬ፣ ለስለት የገባ ጥላና ሻማ በየደብሩ ተመልሶ ለሽያጭ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ እዚያው ስደርስ አንድ ሸጋ ጥላ በስምዎ ገዝቼ ባስገባስ?» አልኳቸው። ረዘም ያለ ጊዜ አዩኝ። «የእኔ እጅ ያልነካውን ጥላ ገብርኤል የማን ብሎ ይቀበለዋል?» አሉኝ። እኔም የሥነ መለኮት ትምህርት ስለሌለኝ ዝም አልኩ። አክስቴ ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ጉልበታቸው ከደጃቸው እስከ ሱቁ አያደርሳቸውም። በደኅናው ዘመን ስንት ጊዜ ሄደው እንደነበር ሲያወሩ ቀኑ ይመሻል። የእሳቸውን ጥላ እንኳን እስከ ቁልቢ፣ ካሉኝ እስከ አክሱምም እወስደዋለሁ፤ ማጉረምረሜን ሳልተው።

ያቃጠለኝ ሌላ ሰው ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ነው። መኪና አለው፤ መኪናው የአየር ማቀዝቀዣ አለው። ለዚያው በዓል፣ ለዚያው ቁልቢ፣ ከቤተሰቡ ጋር ይሄዳል። ሁላችንም የምናውቀው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከነካርቶኑ የታሸገ ሻማ ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመና «እንግዲህ ከሄድክ አይቀር…» አለ። የሰማሁት ነገር ትክክል አልመሰለኝም። አንተም እኮ ትሄዳለህ አልኩት። «እሄዳለሁ» አለ ምንም ሳያፍር፤ «ግን በእግር የገባ ስለት ይበልጣል ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። ስለቱ የአንተ፣ ምስጋናው የአንተ፣ የሚመለሰው ጸሎት የአንተ፤ እንግዲህ ጀርባው ብቻ ነው የእኔ የሚሆነው? ገንዘብ በቴሌብር ይላካል፤ ድካም አይላክም። ደንገጎን በቀዝቃዛ አየር ወጥቶ፣ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ «በርቱ! በርቱ!» ብሎኝ አልፎ፣ ምናልባትም በስልኩ ቀርጾኝ፣ ማታ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ የእግሬን ዋጋ ሊረከበኝ! በየሳምንቱ ቅዳሜ ኳስ የሚጫወት ጎልማሳ ነው። በዚያ መንገድ ዳገቱን ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ ያየ ያውቃል። ድንጋዩ ግን የራሳቸው ነው። የሌላ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ቁልቢ የገባ ሰው አላየሁም፤ ድንጋዩን ለሌላ አሸክሞ በመኪና የቀደመም አልሰማሁም። ራስ መኮንን እንኳ፣ እንደሚነገረው፣ ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ ከተገኘ በኋላ የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። እርግጥ ድንጋዩን በትከሻቸው አላመላለሱም፤ አሽከርና በቅሎ ሞልቷቸዋል። ቢሆንም መንገደኛ አስቁመው «ከሄድክ አይቀር ይህችን ቤተ ክርስቲያን ሥራልኝ» አላሉም።

ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። «እኔ እኮ የተሳልኩት በእግሬ ነበር» አለ ካርቶኑን እየደባበሰ። «ትንሿ ልጄ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ። አሁን ግን ያለ እኔ መኪና ውስጥ አትቀመጥም፤ ታለቅሳለች።» ከዚያ ስለ ልጅቷ ሌላ ሌላም ነገር አወራኝ። ታኅሣሥ 19 ደግሞ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶን እሳት የወጡበት መታሰቢያ ነው፤ በልጅ ስም የመጣ ሻማ በዚያ ቀን እንዴት ይመለሳል? ተቀበልኩት። ካርቶኑን ግን ለምን አብሮ እንዳመጣው አሁንም አልገባኝም። ሚዛን ላይም አላወጣሁትም፤ ያላወቀ ኮሚቴ አይከስም።

አንድ ነገር ከገባ አንድ ነገር መውጣት አለበት። ፎጣው ወጣ። ሁለተኛው ጫማ ወጣ። ሳሙናውን ላወጣ ስል አንዱ ጓደኛዬ ጮኸ፤ ደረቅ ሳሙና ካልሲ ውስጥ ከታሸ እግር አይላጥም አለ፤ ወታደር የነበረ ሰው ነግሮታል። ሌላው ሁለት ካልሲ መደረብ ይሻላል ይላል። ሦስተኛው ካልሲ የሚባል ነገር ምን ያደርጋል፣ አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አይደለም ወይ የሚሳለሙት ባይ ነው፤ እሱ ራሱ አዲስ ሸራ ጫማ ገዝቶ ቤት ውስጥ አድርጎት እየተንጎራደደ እያለማመደው እንደሆነ ሚስቱ ነግራናለች።

በሶው ላይ የተነሳው ክርክር ከዚህም የከፋ ነው። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቅቤ የነካው ጭኮ አይታሰብም። እዚህ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። በሶው ስኳር ይግባበት ወይስ ጨውና ሚጥሚጣ በሚለው ግን ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። የስኳሮቹ ወገን ጉልበት ይሰጣል ይላል። የጨዎቹ ወገን ስኳር በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ያስጠማል፣ ውሃ ደግሞ ሸክም ነው ይላል። ለየብቻ ይያዝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወላዋይ ተብያለሁ።

መነሻ ሰዓቱም አልተወሰነም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተን ፀሐይ ሳይከር ደንገጎን እንጨርስ የሚሉ አሉ። የለም፣ ሌሊት ማን ያውቃል፣ ጎህ ሲቀድ ከሌላው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለን እንውጣ የሚሉ አሉ። ጥላው ከእኛ ጋር ስላለ ሌሊት አቅጣጫ አይጠፋንም ያለም ነበር፤ እንዴት እንደሆነ አላብራራም።

እነዚህን ሁሉ ለመጨረስ ዛሬ 12 ሰዓት አራት ኪሎ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ከቀትር በኋላ ሰብሳቢያችን ከስድስት ኪሎ ደወለ። የታክሲው ሰልፍ አይጣል ነው፣ በእግር ለመምጣት ደግሞ ሩቅ ነው፣ በስልክ እንጨርሰው አለ። ቁልቁለት እኮ ነው አልኩት። አስቦበት መልሶ እንደሚደውል ነገረኝ።